የሻይ ቅጠልን ለይቶ ማወቅ ለጣዕምም፣ ለኪስም፣ ለጤናም

በከተሞቻችን ሻይ የማይፈላበት ቤት ጥቂት ነው። ጧት ወደ ሥራ የሚገሠግሠው ሠራተኛ በዳቦ ይጠጣዋል፤ ተማሪው ደብተሩን ከማንሳቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ይጨልጣል፤ እንግዳ ድንገት ቢመጣ ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ድረስ ሻይ ይቀርብለታል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ከኑሯችን ጋር የተዋሐደ መጠጥ ስለ ጣዕሙ ስንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን «ጥቁር ይሁን፣ ጣፋጭ ይሁን» ከማለት የዘለለ መልስ የለንም። የሐረሩን ቡና ከይርጋ ጨፌው በመዓዛው ብቻ የሚለዩ እናቶች፣ ሻይ ላይ ሲደርሱ ከሱቅ ያገኙትን ፓኬት ገዝተው በራዱ ውስጥ በግምት ይበትኑና እስኪጠቁር ድረስ ይቀቅሉታል።

የሻይ ቅጠል ግን እንደ ቡና ሁሉ ዓይነትና ደረጃ ያለው፣ የራሱን አያያዝ የሚሻ ነገር ነው። ሁለትና ሦስት ዓይነት ቅጠል ገዝቶ፣ በቤት ውስጥ ጎን ለጎን አፍልቶ ማነጻጸር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መልካም መዝናኛ ነው። ከመዝናኛነቱም ባሻገር ይህ ንጽጽር አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። ይኸውም የሻይ ጥሩነት በጥቁረቱ አለመሆኑን፣ በልኩና በሰዓቱ የተፈላ ሻይ የበለጠ እንደሚጣፍጥ፣ ገንዘብም እንደሚቆጥብ፣ በተለይም የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለመጠበቅ እንደሚረዳ ነው።

አንድ ተክል፣ ብዙ ዓይነት ሻይ

ጥቁር ሻይ፣ አረንጓዴ ሻይና ነጭ ሻይ ከተለያዩ ዕፀዋት የሚገኙ የሚመስላቸው አሉ። እውነቱ ግን ሁሉም ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከተባለ ከአንድ ተክል የሚገኙ መሆናቸው ነው። ተክሉ ሁለት ዋና ዋና ዝርያዎች አሉት፤ አንዱ ቅጠሉ አነስ ያለው የቻይና ዝርያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቅጠሉ ሰፋ ያለው የሕንድ አገር የአሳም ዝርያ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ የሚደረግለት ነገር ነው።

ለቃሚዎች ከቁጥቋጦው ጫፍ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ይቀነጥሳሉ። ለጥቁር ሻይ የሚሆነው ቅጠል መጀመሪያ እንዲጠወልግ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ይታሻል ወይም በመሣሪያ ይቀጠቀጣል፤ ከዚያም አየር እየነካው ይቆያል። የተላጠ ድንች አየር ሲነካው እንደሚጠቁር ሁሉ ቅጠሉም በዚህ ጊዜ ይጠቁራል፣ የታወቀውንም መዓዛውን ያገኛል። በመጨረሻ በሞቃት አየር ይደርቃል። ለአረንጓዴ ሻይ የሚሆነው ደግሞ እንደ ተለቀመ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መጥቆሩን ስለሚያግደው አረንጓዴነቱን እንደ ያዘ ይቀራል። ነጭ ሻይ ከእምቡጡና ከለጋው ቅጠል ተለይቶ፣ ሳይታሽ እንዲሁ ጠውልጎ የሚደርቀው ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚደርስ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል። በሻይ አምራች አገሮች ይህን ቅጠል ከማለዳ ጀምረው የሚለቅሙት በብዛት ሴቶች መሆናቸውን ማስታወስ፣ አንድ ማንኪያ ሻይ በከንቱ እንዳይባክን ያደርጋል።

በገበያችን የሚታየው ሻይ በአብዛኛው እንደ ጥራጥሬ ድቡልቡል ያለ ነው። ይህ ዓይነቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በአሳም ሥራ ላይ በዋለ መሣሪያ፣ ቅጠሉ በጥርሳም መዳመጫዎች መካከል ተቀጥቅጦ፣ ተቆራርጦና ተጠቅልሎ የሚወጣ ነው። ቶሎ ቀለም ይሰጣል፤ ጠንካራም ነው። ቅጠሉ ሳይደቅ ተጠቅልሎ የደረቀው ደግሞ ረጃጅምና ቀጫጭን ሆኖ ይታያል፤ ቀለሙን ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ መዓዛውም ብዙውን ጊዜ የረቀቀ ነው።

የአገራችን ቅጠልና የባሕር ማዶው

በአገራችን ሻይ ከሚለማባቸው ቦታዎች መካከል በከፋ፣ በቦንጋ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ውሽውሽና፣ በኢሉ አባ ቦር በጎሬ አካባቢ የሚገኘው ጉመሮ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ዝናብ የማይለያቸው ደጋማና ደን የከበባቸው ቦታዎች ናቸው። ቀድሞ በመንግሥት ይተዳደሩ የነበሩት እነዚህ እርሻዎች በኋላ ወደ ግል ድርጅት ተዛውረዋል። የቡና መገኛ የሆነው ምድር ሻይንም በሚገባ ማብቀሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ስለዚህ ማነጻጸር የምትፈልግ የቤት እመቤት መነሻዋን የአገር ውስጡን ቅጠል ብታደርግ በቀላሉ የምታገኘው በመሆኑ ይመረጣል።

ሁለተኛው የጎረቤታችን የኬንያ ሻይ ነው። በኬንያ ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 በሊሙሩ ነበር። በዛሬው ጊዜ አገሪቱ ጥቁር ሻይ ለዓለም ገበያ በማቅረብ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ሻይዋ ደማቅ ቀይ ቀለም ያለውና ብርቱ በመሆኑ ወተት ቢገባበት እንኳ ጣዕሙ አይጠፋም።

ሦስተኛው የሲሪላንካ፣ በቀድሞ ስሟ የሴሎን፣ ሻይ ነው። ሴሎን ቀድሞ የቡና አገር ነበረች፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 የታየው የቡና ቅጠል በሽታ ቡናዋን ስላጠፋው ገበሬዎቹ ወደ ሻይ ዞሩ። ከከፍተኛ ቦታ የሚለቀመው የሴሎን ሻይ ወርቃማ ቀለም ያለውና ለአፍ ቀለል ያለ ነው። በዐረብ አገሮች ይህ ሻይ በሰፊው ስለሚጠጣ፣ ከዚያ ለዕረፍት የሚመጡ እኅቶች በሻንጣቸው ይዘውት መምጣታቸው የተለመደ ነው። ከእነዚህ ሌላ፣ በሕንድ ተራሮች የሚበቅለውና አበባ አበባ የሚሸተው የዳርጂሊንግ ሻይ፣ እንዲሁም በቻይና ፉጂያን በተባለው አውራጃ በጥድ ጭስ ታጥኖ የሚደርቀው ላፕሳንግ ሱቾንግ በዓለም የታወቁ ናቸው። በወይራ የታጠነ ዕቃ ለወተት የሚሰጠውን ጣዕም የምታውቅ ኢትዮጵያዊት እናት የዚህ የጭስ ሻይ ምሥጢር አይጠፋትም።

ማነጻጸሩ እንዴት ይከናወናል

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ በማንኛውም ቤት ያለ ነው፦ መጠናቸው እኩል የሆነና ውስጣቸው ነጭ የሆነ ሦስት ሲኒዎች ወይም ኩባያዎች፣ ለመክደኛ የሚሆኑ የስኒ ማስቀመጫዎች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማጥለያና ሰዓት። የሙያው ቀማሾች የሚጠቀሙበት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። በዚህ ደረጃ መሠረት 2 ግራም ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ ለ6 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ይህ ሆን ተብሎ ጉድለቱ ጎልቶ እንዲታይ የሚደረግ ጠንካራ አፈላል ነው። ለቤት ግን 2 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ድቡልቡል ቅጠል፣ ለአንድ መደበኛ ኩባያ በቂ ነው። ረጃጅሙ ቅጠል ቀላል ስለሆነ ከማንኪያው ከፍ ብሎ ይሞላ።

በመጀመሪያ ደረቁን ቅጠል በነጭ ወረቀት ላይ በትኖ መመልከት ይገባል። መጠኑ እኩል የሆነ፣ ብናኝና እንጨት ያልበዛበት፣ ሲሸተት ሻጋታ ሻጋታ የማይል ቅጠል ጥሩ ነው። ቀጥሎ ውኃው በሁሉም ላይ እኩል ይፈስና ተከድኖ ይቆያል። ሰዓቱ ሲደርስ ክዳኑ ይነሣና መዓዛው ይሸተታል፤ ሻዩም ወደ ሌላ ሲኒ ይጠለላል። በማጥለያው ላይ የቀረው እርጥብ ቅጠልም መታየት አለበት፤ በሚገባ የተዘጋጀ የጥቁር ሻይ ቅጠል እንደ መዳብ ቀላ ብሎ ያበራል።

መቅመሱ የሚጀመረው ሻዩ ለብ ሲል ነው። እጅግ የጋለ ነገር ምላስን ያደነዝዛል። ቀማሾች በማንኪያ ወስደው በድምፅ ይስቡታል፤ በገበታ ላይ ነውር ቢሆንም አየር ከሻዩ ጋር ገብቶ መዓዛውን ወደ አፍንጫ ስለሚያደርሰው ለዚህ ጊዜ ይፈቀድ! ስኳር ግን አይገባም። ስኳር የመጥፎውንም የጥሩውንም ሻይ ጠባይ ይሸፍነዋልና። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲታለፍ አንድ ጉንጭ ውኃ ወይም ትንሽ ቁራሽ ዳቦ አፍን ያጸዳል። የተገኘውን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ይጠቅማል፦ ቀለሙ፣ መዓዛው፣ መራራነቱ፣ አፍ ማኮማተሩ፣ ከተዋጠ በኋላ የሚተወው ጣዕም።

ይህን ጎረቤቶች በሰንበት ከሰዓት በኋላ ሰብሰብ ብለው ቢያደርጉት የበለጠ ይጥማል። የፓኬቶቹ ስም ተደብቆ ከሲኒዎቹ ሥር ቁጥር ብቻ ቢጻፍ፣ «እትዬ፣ ይኸኛው ነው ውዱ» ያለችው ጎረቤት ርካሹን መርጣ ልትገኝ ትችላለች። ከዚህም ዋጋና ጣዕም ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ መረዳት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ሁለተኛው ሙከራ ነው። አንዱን ቅጠል ብቻ ወስዶ፣ በሦስት ሲኒዎች እኩል ሰፍሮ፣ የመጀመሪያውን በ2፣ ሁለተኛውን በ4፣ ሦስተኛውን በ10 ደቂቃ ማጥለል ነው። ሦስቱ የአንድ ፓኬት ልጆች መሆናቸውን ለማመን ያስቸግራል። የመጀመሪያው ቀለል ያለ፣ ሁለተኛው የተስተካከለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምላስ የሚይዝና አፍ የሚያኮማትር ሆኖ ይገኛል። «ይህ ሻይ መራራ ነው» እየተባለ ከሚወቀሰው ቅጠል ብዙው ጥፋቱ የራሱ ሳይሆን የአፈላሉ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ውኃውና ከፍታው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በድሬዳዋ ደግሞ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጥቁር ሻይ የሚወደው እንደ ፈላ ወዲያው የሚፈስስበትን ውኃ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ እመቤት በራዱን ወይም ኩባያውን አስቀድማ በፈላ ውኃ አለቅልቃ ብታሞቀው፣ ቅጠሉን ከጨመረች በኋላ ብትከድነው፣ በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓትም አንድ ደቂቃ ብትጨምር ይበቃታል። እሳት ላይ መልሳ ማንተክተክ አያስፈልጋትም። ሻይ የሚሸትባቸው ነገሮች በባሕርያቸው ተናኞች ናቸው። በራዱ ሲንተከተክ ቤቱን የሚያውደው መዓዛ ከሲኒው የጎደለ መዓዛ ነው፤ በሲኒው ውስጥ የሚቀረው አፍ የሚያኮማትረው ነገር ይሆናል።

አረንጓዴ ሻይ ግን የጋለ ውኃ አይወድም፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃዋል። የሙቀት መለኪያ ለሌላት እናት ቀላል ዘዴ አለ። አራት እጅ የፈላ ውኃ ላይ፣ አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ እጅ ውኃ ቀላቅላ በቅጠሉ ላይ ማፍሰስና ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አቆይታ ማጥለል ነው። አረንጓዴ ሻይ ቀምሰው «ሣር ሣር ይላል፤ ይመራል» ብለው የተዉት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የጠጡት የተቃጠለውን ነው።

በልክ መስፈርና የወር ወጪ

አራት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ እያንዳንዱ በቀን ሁለት ኩባያ ሻይ ይጠጣል እንበል። ለአንድ ኩባያ 2 ግራም ቢሰፈር በቀን 16 ግራም፣ በ30 ቀን 480 ግራም ይሆናል። በእጅ እየተዘገነ 4 ግራም ቢገባ ግን 960 ግራም፣ ማለትም አንድ ኪሎ ያህል ያልቃል። በልክ የምትሰፍር እናት የወሩን ወጪ በግማሽ ትቀንሳለች ማለት ነው። ከዚህ ቁጠባ ላይ በበዓል ቀን አንድ የተሻለ ቅጠል መግዛት ይቻላል።

ስኳሩም እንዲሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ጨምሮ በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው በሻይ ብቻ 48 ግራም ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ያወጣው ምክር ለአንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ነው። በልኩ የተፈላ፣ መራራነቱ ያልበዛ ሻይ ብዙ ስኳር አይጠይቅም።

ቅመሙስ?

ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ዝንጅብል የሻያችን ጌጦች ናቸው። ቅመም ግን እንደ ቅጠል አይደለም፤ ጠጣር ስለሆነ መፍላት ይወዳል። ስለዚህ ቅመሙን ከውኃው ጋር ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ማፍላት፣ እሳቱን ማጥፋት፣ ቅጠሉን በመጨረሻ ጨምሮ መክደን ሁለቱንም ያስማማል። ጦስኝና ናና የሻይ ተክል ዘመድ ስላልሆኑ ካፌይን የላቸውም፤ ለማታ ይመረጣሉ። በሐረር አካባቢ የሚፈላው ቁጢ ደግሞ ከቡና ቅጠል ስለሆነ ካፌይን አለው።

ሻይና ደም

እዚህ ላይ እናቶች ልብ ሊሉት የሚገባ ከባድ ጉዳይ አለ። በሻይ ውስጥ ያለው አፍ የሚያኮማትረው ነገር፣ ማለትም ታኒን፣ በምግባችን ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ብረት ደግሞ ደም የሚሠራበት ማዕድን ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ያን ያህል አይነካም፤ በጤፍ፣ በምስር፣ በሽሮና በጎመን ውስጥ ያለው ግን ከምግቡ ጋር ሻይ ሲጠጣ ወደ ደም የሚገባው መጠን በግማሽና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። ናናም ቢሆን ከምግብ ጋር ሲጠጣ ይህንኑ ጠባይ ያሳያል። ስለዚህ ከምሳ ወይም ከእራት በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሻይ መጠጣት ይመረጣል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲምና ቃሪያ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ስለሚረዱ ከገበታ ባይለዩ መልካም ነው።

ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት እንክብል በሻይ ሳይሆን በውኃ ትዋጥ። ካፌይኑንም ታስብ። በአንድ ኩባያ ሻይ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ይገኛል፤ በቡና ውስጥ ያለው ከዚህ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የሕፃናቱ ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በእስራኤል 122 ሕፃናትን የመረመሩ ሐኪሞች፣ ሻይ ከሚጠጡት መካከል 32.6 በመቶ የሚሆኑት ከብረት እጥረት ጋር የተያያዘ የደም ማነስ ምልክት ሲታይባቸው፣ ከማይጠጡት መካከል ግን 3.5 በመቶ ብቻ እንደ ሆኑ ገልጸዋል። በዚህ ዕድሜ የሚደርስ የደም ማነስ የልጁን ዕድገትና የመማር ችሎታ ይጎዳል። እስከ ስድስት ወር ድረስ ለሕፃን ከእናት ጡት በቀር ውኃም እንኳ አያስፈልገውም። ከዚያም በኋላ በጡጦ ወይም በኩባያ የሚሰጥ ሻይ፣ ምንም እንኳ ሞቅ ያለና ጣፋጭ ሆኖ ልጁን ዝም ቢያሰኘው፣ ሆዱን ይሞላል እንጂ አይመግበውም።

«ታዲያ ወተት በምን ገንዘብ?» የምትል እናት ብትኖር ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ሻይ በዳቦ የብዙ ቤት ቁርስ የሆነው እናቶች ስለማያውቁ ሳይሆን ስለማይተርፋቸው ነው። ቢሆንም ለትንሹ ልጅ የሚገባውን ስኳርና ሻይ ለአጥሚት ማዋል ይቻላል፤ ከፍ ላለው ደግሞ በሶ በጥብጦ መስጠት አለ። አዋቂዎቹ ሻያቸውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ማራቅ ምንም ወጪ የለውም። ለልጅ አንድ ብርጭቆ ማስቀረት ደግሞ ወጪ የሚቀንስ ነገር ነው።

አያያዙ

የሻይ ቅጠል ሽታ የሚስብ ነገር ነው። ከበርበሬ፣ ከሳሙና ወይም ከነጭ ጋዝ አጠገብ የተቀመጠ ፓኬት ሽታቸውን ሳይቀላቅል አይቀርም። በሚገባ በሚገጥም የቆርቆሮ ጣሳ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ መቀመጥ አለበት። ማንኪያው ደረቅ ይሁን፤ ከሚፈላው በራድ በላይ እንፋሎቱ እየነካው አይቀመጥ። ለየቅጠሉ የተለየ ጣሳ ማዘጋጀትና የተገዛበትን ቀን በላዩ ላይ መጻፍ ለማነጻጸርም ይረዳል።

እንግዲህ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን፣ ልጆቹ ምሳቸውን በልተው ለጨዋታ ከወጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሲኒዎችን በረድፍ መደርደር አይከብድም። የውሽውሹን፣ የኬንያውን፣ እኅት ከዐረብ አገር ያመጣችውን ሴሎን በእኩል ማንኪያ ሰፍሮ፣ ሰዓት ተመልክቶ፣ ያለ ስኳር አንድ ጊዜ መቅመስ ይበቃል። ከዚያ በኋላ በራዱ ውስጥ በእጅ ዘግና የምትበትን እመቤት ጥቂት ትሆናለች።